ጎታው ሥር የወለደችው ድመት

— ሄሎ! አቤት የሺ... ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ምን ሆናችሁ? ... አባባ ምን ይዘው?

— ጆንያ! ... ድመቷን ከነልጆቿ? ገደል ሊጥሏቸው? ... ዐይናቸውን እንኳ አልገለጡም እኮ!

— አታልቅሽ እህቴ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊና አስጠጊላቸው። ... በእውቀቱ፣ መምህራኑን ዝም አሰኝልኝ በናትህ፣ ከቤት ነው!

— አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ኢያቄም ነኝ፣ ከላሊበላ። ... ይመስገን። ... ሰማሁ። ሰባት ጫጩት ነበረ፣ አራት ቀረ። ... ያበሳጫል፣ እውነት ነው። ግን ድመቷ ስትወስድ ያየ አለ? ... የሺም አላየች? እማዬስ? ... ታዲያ ያለ ምስክር ይፈረድባታል? እርስዎ የዕድር ዳኛ ሆነው?

— አልቀለድኩም አባባ! ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠፉት? ... ቀትር ላይ፣ ግቢ ውስጥ። ድመቷስ በቀትር የት ናት? ... የሺ ትናገር፣ ቤት የምትውለው እሷ ናት። ... ጎታው ሥር፣ እያጠባች! ሰሙ?

— ማንስ አመጣት? ... ማንም! ክረምት ላይ አይጡን ተከትላ በራሷ ገባች። ይሄ እኮ ነው የሚገርመው! ... ሄሎ? ይሰሙኛል? ... ሰሞኑን ሳነብ ነበር። አሥር ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ሰው እህል ማጠራቀም ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጡን ብላ የዱር ድመት መጣች። ላሙንና በጉን አስረን ነው ያላመድነው። ድመትን ግን ማን አሰራት? በእግሯ መጣች! ... ግብፆች? እነሱ ኋላ ናቸው። ከነሱ በፊት ቆጵሮስ የምትባል ደሴት ላይ አንድ ሰው ሲቀበር ድመት ከጎኑ ቀብረውለታል። ... እኔ እንጃ፣ ይወዳት ነበር መሰለኝ። ... ኧረ እርስዎ እንዲህ ያድርጉ አላልኩም!

— አልዋሽዎትም፣ ድመት ጫጩት አትነካም አልልም። ግን አምና አይጥ የጨረሰብንን የዘር ገብስ ያስቡት። ዘንድሮስ? ... የሺ፣ ምን አሉ? ... “ዘንድሮ አልነካውም” አሉ? እኮ!

— ምንድን ነው ጩኸቱ? የሺ! ... ጭልፊት? አሁን? ... ወሰደው? ... ጣለው! ማን መታው? ... አባባ? በአንድ ድንጋይ! በእውቀቱ፣ አባቴ ጭልፊቱን አስጣሉት! ... ጫጩቱ ነፍስ አለው? ... ተነሥቶ ሮጠ! እልል በይ እንጂ! ... ድመቷስ? ... ከጎታው ሥር ንቅንቅ አላለችም!

— አባባ፣ እንግዲህ ምን ይላሉ? ... ልክ ነዎት፣ አንድ ጭልፊት የሦስቱን ዕዳ አይከፍልም። ... እና? ... ትቆይ? ከነልጆቿ? ... ገብሱ እስኪያልቅ ብቻ። ... እሺ፣ አልተከራከርኩም። እግዜር ይስጥልኝ!

— የሺዬ፣ አባባ ራቁ? ... አሁን ምኑ ያስለቅስሻል? ገብሱ እስኪያልቅ ነው ያሉት! የመኸሩ ሳያልቅ የበልጉ እየደረሰ፣ ያ ጎታ ባዶ ሆኖ አይተሽው ታውቂያለሽ? ... አባባም እንዴት አያውቁም፣ የሚሞሉት እሳቸው! ... ምን? እየሳቁ ነው የወጡት? ... ሄሎ? ... የሺ? ... ሄሎ?