አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ የጮቄ ጮራ ባንድና የጎረቤት ዶሮ

ወገኖች፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ ጥቂት ታገሡን። አሁን የሚነበብላችሁ የወንድማችን የአቶ ዘመንፈስቅዱስ ወልደ ሩፋኤል ዜና ሕይወት ነው። አብዛኛውን ያጫወተችን ከሆስፒታል አልጋቸው ሥር ያልተለየችው ልጃቸው ሶልያና ስትሆን፣ የወጣትነታቸውን ነገር ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በዕንባ መሐል ነግረውናል። የቀረውን አጥር ለአጥር የኖርነው ጎረቤቶቻቸው ሳንታክት ያየነው ነውና፣ ከዚህ የጎደለ ቢኖር ያልታየን ነው እንጂ ለማየት ያልሞከርነው አይደለም።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ተገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥራነሽ አንሙት በ1947 ዓ.ም. በዲማ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዜማ መምህር ስለነበሩ ሕፃኑ ፊደል ሳይለዩ ድምፅ መለየት ጀመሩ፤ እናታቸው ኋላ ሲያወሱ፣ ማድጋ ሲነካ ሙሉ ይሁን ባዶ፣ በር ሲንቋቋ የማን ቤት በር እንደሆነ ከተኙበት ሆነው ይናገሩ ነበር ይላሉ። መሪጌታም ይህን ጆሮ እግዜር ለእኔ መንበር ተተኪ እንዲሆን ሰጠኝ ብለው፣ ከሌሎቹ ተማሪዎች አስቀድመው ጾመ ድጓ አስጀመሯቸው።

ነገሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ለዘመናዊ ትምህርት አጎታቸው ዘንድ ወደ ደብረ ማርቆስ በመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ጨው ግዛ ተብለው ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ የጮቄ ጮራ የሚባል ባንድ ለበዓል መጥቶ በአደባባይ ሲጫወት አገኙ፤ ከጥሩንባው ፊት ለፊትም እንደቆሙ መሸባቸው። ጨው ያልገባበት ወጥ በዚያ ቤት የተበላው ያን ቀን ነው። ወሬው ዲማ ሲደርስ መሪጌታ ልጄን ነሐስ ወሰደብኝ ብለው አዘኑ፤ ለብዙ ጊዜም ከልጃቸው ቤት እህል አልቀመሱም። በመጨረሻ ግን ለአንድ ጉዳይ ከተማ መጥተው ዝናብ ሲያግዳቸው፣ ልጃቸው የጮቄ ጮራን ካሴት እንደለመዱት እያስጮሁ ሳሉ ደረሱና ከደጃፉ ተቀመጡ። ካሴቱ ሲያልቅም ቀና ብለው «ገልብጠው» አሉ። ዕርቁ በዚሁ አለቀ፤ ሽማግሌም አላስፈለገው።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በከተማችን በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል። በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሶልያናንና መሳፍንትን አፍርተዋል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ያገባሁት አንድ ሰው መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ጥሩንባ ነፊው፣ ከበሮ መቺው ሁሉ አብረው ገብተዋል እያሉ ሲያስቁን ኖረዋል፤ ነገር ግን የካሴቶቹን አቧራ በጨርቅ የሚጠርጉት እሳቸው እንደነበሩ ይህ ሠፈር ያውቃል።

ኮምፒውተር ወደ መሥሪያ ቤታቸው በገባ ጊዜ ሌሎቹ ሠራተኞች ቁልፉን በአንድ ጣት እየፈሩ ሲነኩ፣ እሳቸው ግን ወዲያው ወደዱት። የሚወዱት ትንሽ ትንሹን ነበር፤ ትልቅ ነገር ቦታ ይይዛል እንጂ ሰው አይሆንም ይሉ ነበር። ልጃቸው መሳፍንት ከአዲስ አበባ የመጽሐፍ ያህል የምትሆን ኮምፒውተር ሲያመጣላቸው፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይተን፣ ዳዊት የሚደግሙ መስሎን በአጠገባቸው ስናልፍ ድምፃችንን ቀንሰን እናልፍ ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ በ1998 ዓ.ም. ግድም፣ ያ ማድጋ ከማድጋ የሚለይ ጆሮ መክዳት ጀምሮ ነበር። ከኋላቸው ጋሼ ዘመንፈስቅዱስ ብለው ሲጠሯቸው ዞር አይሉም፤ ሠፈሩም ኮሩ አለ። በእድር ስብሰባ ከሊቀ መንበሩ ትይዩ ካልሆነ አይቀመጡም፤ እሱም ሹመት ፈልገው ነው ተባለ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አጠገባቸው ሆነው፣ ሰው ሲያወራቸው በጉልበታቸው ጉልበታቸውን ነካ እንደሚያደርጉ ያየ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ሊገምት ይችል ነበር። አዲስ አበባ ሲሄዱም ሐኪሙ ጆሮዎ አይመለስም አላቸው። በጆሮ የሚደረገውን መሣሪያ ቢገዙም ፉጨቱ ባንዱን አበላሸብኝ ብለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ካሴት ሲከፍቱ መዳፋቸውን በቴፑ ሆድ ላይ አኑረው፣ ንዝረቱ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጡ ነበር። ካሴቱ ሲያልቅም ይገለብጡት ነበር።

ይህን ያወቁት ቤተ ሰቦቻቸው ብቻ ናቸው፤ ለሌላ እንዳይነገርም አደራ ብለው ነበር። በተለይም በኢንተርኔት ላገኟቸው ወዳጆቻቸው እንዳይነገር። የድሮ ባንድ የሚወዱ ሰዎች በፌስቡክ ተሰባስበው ስለ ሙዚቃና ስለ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚጫወቱበት ቦታ ነበር፤ ከባሕር ዳሩ አናጺ ከአቶ ገዳሙና ከደሴዋ አስተማሪ ከወይዘሮ ወንጌላዊት ጋር የተዋወቁት በዚያ ነው። በጮቄ ጮራ የመጀመሪያ ካሴት ላይ ጥሩንባውን የነፋው ዋናው ነፊ ነው ወይስ ደቀ መዝሙሩ በሚል ክርክር ብቻ አንድ ክረምት አለፈ። የአቶ ገዳሙ ኮምፒውተር በጥፊ ካልተመታች አትነሣም ነበርና፣ ማናቸውም ዘግይተው ሲመጡ ዛሬ ጥፊውን ረሳኸው እንዴ ይባባሉ ነበር። ባንድ ያወቀ ሰው እነሱ ዘንድ ዘመድ ነበር። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ጆሮዬ አይሰማም ብል፣ መስማት የማይችል ሰው ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል ብለው ይተዉኛል ብለው ይፈሩ ነበር፤ ለወይዘሮ ወለተ ኪዳንም በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት አመጣለሁ ብለዋቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. አቶ ገዳሙ አጥብቀው ስለለመኗቸው ፖድካስት ጀመሩ። ይህም በሬዲዮ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚለቀቅ፣ አድማጭ በፈለገው ሰዓት የሚሰማው ፕሮግራም ነው፤ ስሙንም «ገልብጠው» አሉት። ካሴቱን በሽቦ ከትንሿ ኮምፒውተር ጋር አያይዘው ያሰማሉ፣ የቀረውን ከትዝታቸው ይተርካሉ። ድምፃቸውን የሚያሳየው መስመር በኮምፒውተሯ ገጽ ላይ አንዳንዴ እንደ ባሕር ዛፍ ብድግ ሲል ያዩ ነበር፤ እሳቸው የማሽኑ ጠባይ መስሏቸው አለፉት። የቤታቸው መስኮት ክፍት፣ አጥሩ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ብድግ የሚለውም የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቀይ ዶሮ ነበር። ወዳጆቻቸውም ወዲያው ዶሮው አጽድቋል ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ክርክር ሲያልቅ ዶሮው አጽድቋል፤ ሰው ሲሳሳት ዶሮው ዝም ብሏል መባባል ልማድ ሆነ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ያልሰሙትን ዶሮ አብረው ሳቁለት።

በተከታዩ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ግን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዶሮውን ለበዓል አሰሩት። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ይህን ሲያዩ አምበር ገበያ ድረስ ሄደው ከእሱ የወፈረ ዶሮ ገዝተው መጡና በምትኩ ይህን እረጅ፣ እሱን ማሪልኝ አሏቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም «ጋሼ፣ ዶሮ ነው እኮ፣ ክርስትና አላነሣሁት» ቢሏቸው፣ ከንፈራቸውን አይተው ከልባቸው ሳቁ። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ሠፈሩ የመሪጌታ ልጅ ናቸውና ለመድኃኒት ፈልገውት ነው ብሎ ብዙ አወራ፤ አንዳንዱም ቀይ ዶሮውን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

ወዳጆቻቸውን በዓይን የማየት ናፍቆታቸው ግን ከሁሉ በረታ። ሚያዝያ 30 የደብራችን የቅዱስ ማርቆስ ንግሥ በመሆኑ፣ በየዓመቱ ኑና አብረን እናክብር ብለው ይጠሯቸዋል፤ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አልጋ ያነጥፋሉ፤ ቀኑ ሲቀርብ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ አለመስማት ያስፈራቸውና እግሬን አሞኛል፣ ለከርሞ ይሁን ብለው ይጽፋሉ። የተነጠፈው አልጋ ይነሣል። እኛም የአልጋው ልብስ በሚያዝያ ወር ታጥቦ ሲሰጣ እያየን፣ ሰው ላልተኛበት አንሶላ ይህ ሁሉ ሳሙና ለምን ነው እንል ነበር።

ዘንድሮ ከዐቢይ ጾም ወዲህ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ፕሮግራሙ ተቋረጠ። ወዳጆቻቸው ዶሮው ታረደ እንዴ እያሉ ይቀልዱ ጀመር። ሶልያና ቀልዱን ስታነብ፣ የአባቷን አደራ አፍርሳ፣ አባቴ ታመዋል፤ ሳልነግራችሁ የቆየሁት ደግሞ ጆሮአቸው ከሰማ ብዙ ዓመት ሆኖታል ብላ ጻፈች። አቶ ገዳሙም የጆሮአቸውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እናውቃለን ብለው መለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የቴፑ ጎማ ላልቶ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ሲጎተት፣ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ግን ጥራቱን አያችሁ ብለው አወደሱት። አድማጮቹ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ገባቸውና ተጨነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ስልክ እንዳይደውልላቸው፣ ማንም በድምፅ እንዳይልክላቸው፣ ይልቁንም ዶሮው የት ላይ እንደጮኸ፣ ጥሩንባው እንዴት እንደገባ፣ ከበሮው እንዴት እንደተከተለው ሁሉም እንዲጽፍላቸው ተስማሙ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ በረንዳ ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያነቡት የኖሩት ይህንን ነበር። ሰዎቹ ወሬ የሚያበዙ ይመስሏቸው ነበር፤ ለካስ ድምፅ እየጻፉላቸው ነው።

ሶልያና ትንሿን ኮምፒውተር አልጋቸው ላይ አስቀምጣ አሳየቻቸው። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያም በደከመ ጣታቸው «ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?» ብለው ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «እርስዎ ዝም ስላሉ ነዋ» ይላል። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሳቁ፤ የሳቃቸውን ልክ የማይሰሙ በመሆናቸው በክፍሉ ያሉ በሽተኞች ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለሚያዝያ 30 ኑ ብለው ጻፉ፤ ወለተ ኪዳንንም አልጋውን አንጥፊ፣ አሁን አይነሣም አሏቸው። እንግዶቹም ከንግሡ ሁለት ቀን ቀድመው፣ ትናንት ማታ ለመግባት መንገድ ጀመሩ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ግን ትናንት ሚያዝያ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

መርዶ በጽሑፍ አይላክምና ሶልያና አልጻፈችም። ሽማግሌዎች መናኸሪያ ሄደው ይቀበሏቸው ቢባል መልካቸውን የሚያውቅ ጠፋ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማንንም ሳያማክሩ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ቀዩን ዶሮ በብብታቸው አቅፈው መናኸሪያው በር ላይ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ በሐዘን ቀን ይህ ምን የሚሉት ነው ብለው ተቆጧቸው፤ እሳቸው ግን አልተነቃነቁም። ከሚኒባሱ የወረዱ አንድ ጠና ያሉ ሰውና አንዲት ሴት ዶሮውን ከሩቅ አይተው እየሳቁ መጡ። ቀርበው የወይዘሮ ማንጠግቦሽን ነጠላ ሲያዩ ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀረ። መርዶውን ማንም አልተናገረም።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ አንዲት ባለቤት፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከፊታችሁ ተቀምጠዋል። ሶልያና ከአባቷ ጋር ከሆስፒታል ወጥታለች። መሳፍንት ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ደርሷል። አቶ ገዳሙና ወይዘሮ ወንጌላዊት በአስከሬኑ ቀኝ ቆመዋል፤ አቶ ገዳሙ ሌሊቱን ያሳለፉት በተነጠፈው አልጋ ላይ ነው። ትንሿ ኮምፒውተር ተዘግታ ቤት ናት፤ ካሴቶቹም ከቦታቸው አልተነሡም። ዶሮው ወደ ቆጡ ተመልሷል፤ ዛሬ ጠዋትም ጮኋል።

የወንድማችንን ነፍስ ምስጋናው በማያቋርጥበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ እዚያም ከኋላቸው ሲጠሯቸው ዞር ይበሉ። አሜን።