የበረንዳው ውሻና የእኔ በረኪና

ስምንት ዓመት ሙሉ ውሻ ስጠላ ኖሬአለሁ። ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤይሩት እንደገባሁ በተቀጠርኩበት ቤት ማዳሜ ውሻዋን በቀን ሁለት ጊዜ እንዳናፍስላት ታዘኝ ነበር፤ እኔን ለብቻዬ ግን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ከበር አላስወጣችኝም። ውሻው ካስነጠሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ እኔ ጉንጬ በጥርስ ሕመም አብጦ «በጨው ተጉመጥመጪ» እባላለሁ። አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። ቂሙን ግን ለውሻ ዘር ሁሉ አዞርኩት።

በፈረንጆች 2014 ነሐሴ ላይ፣ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ከቆየሁ በኋላ፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ክፍል ተከራይቼ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ አጸዳ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር የማዳም ሪማ ቤት ነኝ። እነማዳም ሙቀቱን ሸሽተው ተራራ ላይ ወዳለው ቤታቸው ወጥተዋል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ውሻቸውን ሩኪን በረንዳ ላይ አስረውት ሄደዋል፤ የሕንፃው ዘበኛ ጠዋት ጠዋት ምግብና ውኃ ያደርግለታል።

አንድ ሐሙስ በረንዳውን አጥቤ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ደረጃው ላይ አንዲት ልጅ ተገናኘችኝ። ከፊት ለፊት ያለው ቤት ሠራተኛ ናት። ነስሪያ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች።

«እንዴት ዋሉ እትዬ? የሩኪ ቤት ሠራተኛ እርስዎ ነዎት?»

«የማዳም ሪማ ቤት ነው። ውሻ ቤት የለውም።»

ሳቀች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከኩሽናችን መስኮት ስመለከተው ሰነበትኩ። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ጥላው ጋ አያደርሰውም። ያሳዝናል።»

«እኔ ሳሳዝን ማን መስኮት ላይ ቆመልኝ? የስንቷ ልጅ ፓስፖርት ተቆልፎባት፣ አንቺ ለውሻ ጠበቃ ትሆኛለሽ?»

«የኔም ፓስፖርት ማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ነው እትዬ። የቆለፈብኝ ግን ውሻው አይደለም።»

መረታት አልወድም፤ ስለዚህ ወደ ሃይማኖት ዞርኩ።

«ውሻ ነጃሳ ነው። አልነካውም።»

«ይንኩት ማን አለ? ውኃ ማስቀመጥ መንካት ነው? የተጠማ እንስሳ ማጠጣት ምንዳ አለው ሲሉን አይደል ያደግነው?»

«አገራችንስ ውሻ ይታሰር የለም ወይ? አባቴ ቀን አስሮ ማታ ይፈታው ነበር።»

«ዛፍ ሥር ነዋ የሚያስሩት። ማታ ይፈቱታል ያሉትም እርስዎ ነዎት። ይህንን ማን ይፈታዋል?»

ልጅቱ የዋዛ አልነበረችም። «ይህን ሁሉ ካወቅሽ ለምን አንቺ ለማዳም ሪማ አትነግሪያትም?» አልኳት።

«እኔ የጎረቤት ሠራተኛ ነኝ። የሰው በረንዳ ታያለች ተብዬ መስኮቱ ይዘጋብኛል። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው።»

«ከተናገርኩ ሐሙሴን ታስቀርብኛለች። ያኒ፣ ማለቴ ለውሻ ብዬ ሥራዬን ልጣ?»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ያሳዩኝ። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ እግሩን ሲልስ ይውላል፤ ያነክሳልም።»

«ስንፍናው ነው» ብዬ በሩን ከፈትኩላት፤ እንድትረታልኝ ብዬ ነው። ነስሪያ በርከክ ብላ የውሻውን መዳፍ ገልበጥ አደረገችው። ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል። አሸተተችው።

«እትዬ፣ በረንዳውን በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«በበረኪና ነዋ። ማዳሞች ሽታው ካልሸተታቸው መቼ ጸዳ ይላሉ?»

«ከዚያ በውኃ ያለቀልቁታል?»

«ውኃው ከታች ያሉት ሰዎች ልብስ ላይ ይፈስና ይጮኹብኛል። ጠረግ አድርጌ እተወዋለሁ።»

ነስሪያ መዳፉን ቀስ ብላ አወረደችው። እኔ እጄን አየሁ። በዚያ በመጀመሪያው ቤት ያለ ጓንት እጄን በረኪና ስነክር ኖሬ የጣቶቼ መሐል ይሰነጠቅ ነበር፤ ሎሚ ስጨምቅ እንባዬ ይመጣል። ያ ማቃጠል ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አያስፈልገኝም። ሐኪም ቤት ይመላለስ የነበረው ያ ሌላ ውሻ ነው። ይኼኛው ምን በድሎኝ ነው እግሩን የላጥኩት?

«በይ ንገሪኝ፣ ምን ይደረግ?» አልኳት።

«ብዙ አይደለም። እግሩን በንጹሕ ውኃ ያጥቡለት፤ በረንዳውንም ያለቅልቁት። ከታች ያሉትን አስቀድመው ቢነግሯቸው ልብሳቸውን ያነሳሉ። ውኃ በሁለት ዕቃ ያድርጉለት፤ አንዱን ቢደፋው አንዱ ይቀራል። ከዚያ ለማዳም ይደውሉ። ሲደውሉ አይክሰሷት። ያዩትን ይንገሯትና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይጨምሩበት። የተከሰሰ ሰው ልቡ ይደነድናል፤ መላ የመጣለት ግን ይሰማል።»

በስምንት ዓመት ውስጥ ለማዳሞች ከ«ሓዲር» በቀር የተናገርኩት አልነበረም፤ እሺ ማለት ነው። በረንዳውን አለቀለቅን፤ ታች ያለችው ሴትዮ ልብሷን አነሳች፣ አልጮኸችም። ከዚያ ደወልኩ።

«ማዳም፣ የሩኪ እግር ቆስሏል። ያቆሰለው የኔ በረኪና ነው። ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ይመታዋል፤ ውኃው እንደ ሻይ ይሞቃል። ወይ እናንተ ጋ ውሰዱት፣ ወይ ሳሎን ላስገባው ፍቀጂልኝ።»

የሐሙስ ሥራዬ ቀረ ብዬ ቁልፉን ለዘበኛው ልመልስ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ሳሎን አስገቢው። ነገ ባሌ መጥቶ ይወስደዋል» አለች። ቀጥላም «ናፊሳ፣ አንቺ እንዲህ ትናገሪያለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«እናገራለሁ ማዳም። ለእኔም ጓንት ያስፈልገኛል።»

«እሺ። ትክክል ነሽ።»

ገመዱን ፈትቼ ሩኪን ሳስገባው ነስሪያ «ነጃሳውስ?» አለችኝ።

«ታጥቤ እሰግዳለሁ። ያላ፣ ማዳምሽ ሳትጣራ ሂጂ።»

እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩት እንደኔ የተቀየመች ትኖራለች ብዬ ነው። ሩኪ በጥቅምት እግሩ ድኖ ተመለሰ። ሐሙሴም አልቀረችብኝ። በረኪናውን በትንሽ ሳሙና ከለወጥኩት ወዲህ ደረቴን ያፍነኝ የነበረው ተወኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፤ አፍ ለሌለው መናገር የጀመረ ሰው ለራሱም መናገር አያቅተውም። ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። የሰው በረንዳ ከማጠባችሁ በፊት እንስሳ ካለ ጠይቁ። የምታሳድጉት የማዳም ልጅ ድመት በድንጋይ ሲመታ «ተው፣ ያመዋል» በሉት። የበደላችሁን ሰውና ምንም ያላደረጋችሁን ፍጥረት አትደባልቁ።

እኔ እንኳ ትናንት እሰፈሬ ባለሱቁ የወፉን የሽቦ ጎጆ ፀሐይ ላይ ሰቅሎ አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳቦዬን ገዝቼ አልፍ ነበር። በዐረብኛው አጎቴ ብዬ፣ «አሞ፣ እዚያ ጥላው ጋ ብትሰቅለው ይሻለዋል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ወፉንም አየ። ወንበር ስቦ ወጣና ጎጆውን ወደ ጥላው አዞረው።