ደጃፌ ላይ የተደገፈው ፎቶዬ

ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ካሜራ ሳይ ማስረጃ እንጂ ሌላ ነገር አይታየኝም። አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ ፊትዎን ላንሳ?» ሲለኝ «የት ልታቀርበው?» አልኩት። «የትም አላቀርበውም። ጥበብ ነው፤ ፊትዎ ብዙ ይናገራል» አለኝ። ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰብኝ፤ ሳልጠየቅ ፊቴ የሚናገርብኝ ምን ይሆን? ችክ ሲልብኝ ግን ተነሳሁለት፣ ያውም አፍጥጬበት። ፎቶውን አጥቦ ሊያመጣልኝ ቤቴን ሲጠይቀኝም እያቅማማሁ ነው የነገርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የሰፈራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ለካ ልጁ ሲያጣኝ ፎቶዬን በትልቁ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ፍሬም አድርጎ በሩ ላይ አስደግፎት ሄዷል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ፎቶ ደጅ የሚወጣው ለሟች ነው። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ እንባቸውን ጠረጉና አንዴ እኔን አንዴ ፎቶውን እያዩ «ታዲያ የሞተው ማነው?» አሉኝ፣ የደበቅኳቸው ይመስል። «ማንም አልሞተም» አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን፣ የመጣውን ድንኳን ካስመለሱ በኋላ ፎቶው ፊት ቆመው ብዙ አዩት። እውነትም ያ ልጅ ጥርጣሬዬን ሳይቀር አንስቶታል።

«ግሩም ሥራ ነው» አሉ። «መስታወቱ እንዳይሰበር በደንብ አስቀምጠው።»

«ለምኑ?» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ መኮንን፣ ባሳለኝ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል።