ሦስት ቱቦዎች በአንድ ባሕር

የዓርብ ከሰዓቱ መሻገሪያ መርከብ ሁልጊዜ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ እኛን የምዕራብ ኖርዌይ ሰዎች ጭንቅ ይይዘናል፤ ከማናውቀው ሰው አጠገብ ከመቀመጥ ቆመን ብንሻገር እንመርጣለን። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በየመንደሩ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሳመላልስ የኖርሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና የማላውቀው ሰው የለም፤ ቢኖርም አላፍርም።

ያን ቀን ዋፍል የምንለውን ቂጣዬን በቡናማ አይብ ይዤ መቀመጫ ስፈልግ፣ መስኮቱ ዳር ሁለት መምህራን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለቱም ወደ ውጭ ሲያዩ አገኘኋቸው። አንዱ ኦድቫር ነው፤ የኖርደስ መንደር መምህር፣ ዘንድሮ ጡረታ የሚወጣ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ የሱፍ ሹራብ በጋም ክረምትም የማያወልቅ ሽማግሌ። ሌላዋ ሲኖቨ ናት፤ የሳንቪክ መምህርት፣ ከከተማ ከመጣች ገና ሁለተኛ ክረምቷ።

«ጠብ ነው ወይስ ጸሎት?» ብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ።

«ጠብ ቢሆን ምን ነበረበት እትዬ ቦርጊል!» አለች ሲኖቨ። «ጋሽ ኦድቫር ለጠብም አይመቹም። አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ መልሳቸው ‹እህ› ብቻ ነው።»

«‹እህ›ም መልስ ነው» አለ ኦድቫር።

የለመነችው ቀላል ነገር ነው። በባሕራችን ዳር ያሉት የሦስቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን በወር አንድ ቀን ይሰብሰቡ፤ ከልጆች ጋር በእጅ የሠሩትን፣ በኮምፒውተርም የሞከሩትን አንዱ ለሌላው ያሳይ ነው የምትለው።

«እኔ ሰው ፊት ቆሜ ‹እዩልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሠራሁ› ልበል?» አለ ኦድቫር። «እናቴ ከመቃብሯ ተነሥታ ትቆጣኛለች! ይህን ሹራብ የሠራችው እሷ ናት። አገር ያወቃት ባለሙያ ነበረች፤ አንድ ቀን ግን ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› ስትል ሰምቼ አላውቅም። መልካም ሥራ ራሱ ይናገራል ልጄ።»

«በር ተዘግቶበት ለማን ይናገራል?»

«ዝም አይነቅዝም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ በሽማግሌው አትፍረድ። በእኛ አገር ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንኳ «ትንሽ ሞቅ ብሎኛል» ነው የሚለው። «ጎበዝ ነኝ» ከማለት «ሌባ ነኝ» ማለት ይቀለናል። ይህ ትሕትና ብዙ ጥጋበኛ አስታግሦልናልና ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ልኩን ያለፈ ትሕትና ከንፍገት በምን ይለያል? ይህን ልለው አፌን ስከፍት ኦድቫር ቀደመኝ።

«ደግሞስ ያ ኮምፒውተራችሁ! ልጆቹ ስክሪን ላይ ተተክለው አንገታቸው ጎበጠ። እኔ ልጅ የማስተምረው በመጋዝና በመዶሻ ነው።»

«እኔስ መቼ መጋዙን ጣሉ አልሁ?» አለች ሲኖቨ ፊቷ ቀልቶ። «ልጆቼ ባሕሩን የሚለኩበትን ቱቦ የቆረጡት በመጋዝ ነው። ኮምፒውተሩ የሚመጣው እጃቸው ከሠራ በኋላ ነው፤ እነሱ ሲተኙ ባሕሩን ነቅቶ እንዲጠብቅላቸው። ምን ያደርጋል፣ እሱም አልሆነም። ተዉት በቃ። ለማንኛውም እኔ መሄዴ ነው።»

«ወዴት?» አልሁ፤ ዋፍሉ እጄ ላይ ቀረ።

«ወደ ከተማ። ትምህርት ሲዘጋ እንደምለቅ ዛሬ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ ነገርኋቸው። እኔ ለመምህርነት አልተፈጠርሁም።»

እያባበልሁ ጠየቅኋት፤ ነገሩ እንዲህ ነበር። ባሕራችን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲኖቨ ይህን ሙላትና ጉድለት ልጆቹ ራሳቸው እንዲለኩ ብላ፣ ወደቡ ላይ ረጅም ቱቦ አቆመች። ቱቦው ውስጥ ቡሽ ይንሳፈፋል፤ ቡሹ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ትንሽ ኮምፒውተር ከፍታውን ወደ ክፍል ይልካል። የሚመጣው ቁጥር ግን አንዴ ሰማይ ይወጣል፣ አንዴ መሬት ይወርዳል፤ ሙላቱ ከጉድለቱ አይለይም። ክረምቱን በሙሉ ሽቦ ስትቀያይር ከረመች።

«ልጆቹ መጀመሪያ ‹ማሽኑ ይዋሻል› ብለው ሳቁ» አለች። «ኋላ ሳቁም ቀረ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ‹ይህ ለከተማ ልጆች ነው፣ ለእኛ አይሆንልንም› አለችኝ። እዚያው ልቤ ተሰበረ።»

ኦድቫር ስኒውን አስቀመጠ።

«ቱቦው ከታች ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው እንጂ! ውሃው በየት ይግባ?»

«ድፈኚው። በክዳን ድፈኚውና ክዳኑ ላይ እርሳስ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ተዪ። የነፋስ ሞገድ ችኩል ነው፤ በጠባብ በር እስኪገባ ጊዜ የለውም። ሙላቱ ግን ታጋሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ያኔ ቡሽሽ የሚሰማው ሙላቱን ብቻ ይሆናል።»

«ይህን እንዴት አወቁ?»

«የእኔም ይዘል ነበር።»

«የእርስዎም ምኑ?»

ሽማግሌው እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጠረጴዛውን መጥረግ ያዘ። ለካስ ኖርደስ ወደብ ከጀልባ ቤቱ ጀርባ የእሱም ቱቦ ቆሟል! ኮምፒውተር የለውም፤ ቡሹ ላይ የታሰረ እርሳስ በወረቀት ላይ መስመር ይሥላል። ስንቱን ተማሪ አስተምሮበታል፤ ለሌላ መምህር ግን ትንፍሽ አላለም።

«የእኔንስ አይተውት ያውቃሉ?» አለች ሲኖቨ።

«በየዓርቡ፣ ከመርከቡ ላይ። ከታች መከፈቱን አላወቅሁም። ቢከፈትስ፣ ሰው ሥራ ውስጥ ገብቼ አዋቂ ነኝ ባይ ልሁን?»

«ወይ ጋሽ ኦድቫር! እጄ በብርድ እየተሰነጠቀ እኔ ሽቦ ስቀያይር፣ እርስዎ መልሱን ይዘው ከባሕር ማዶ ቡና ይጠጡ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«መኖሩን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ኦድቫር ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እኔም ተራው የእኔ መሆኑን አወቅሁ።

«ሦስተኛውን ልንገራችሁ?» አልሁ። «የሦስተኛው ትምህርት ቤት፣ የኤይክነሱ መምህር ሃልጌይርም እንዲሁ ቱቦ አቁሞ ነበር። የእሱም ቡሽ ዘለለበት። ተናድዶ መጋዘን ወረወረው፤ አሁን ልጆቹ ድንች ይወነጭፉበታል።»

ሲኖቨ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ኦድቫር ግን አልሳቀም።

«ሦስት ቱቦ» አለ። «በአንድ ባሕር።»

«ዝም አይነቅዝም አልህ» አልሁት። «ያንተ ግን ነቅዞ የሰው ልጅ ከሙያዋ ሊያስወጣ ነው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስትሞት ለማን ልታወርሰው ነው የተሸከምኸው?»

«እውነታችሁን ነው» አለ ኦድቫር። «ግን ‹እዩልኝ› የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ብፈልግም አይወጣም።»

«እንግዲያው አይበሉ» አለች ሲኖቨ ቀና ብላ። «ያማረልዎትን አያምጡ፤ የከሸፈብዎትን ያምጡ። ሁላችንም የከሸፈብንን ብቻ ይዘን እንምጣ። የቀረውን እኛ እንጠይቅዎታለን፤ ሲጠየቁ መመለስ ደግሞ ጉራ አይደለም።»

«የከሸፈማ!» ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «የከሸፈማ ጎተራ ሙሉ አለኝ!»

መርከቡ ሳንቪክ ሲደርስ ኦድቫር ተነሣ።

«ያንተ ወደብ ቀጣዩ ነው እኮ» አልሁት።

«አውቃለሁ። ልጄ፣ መሰርሰሪያ አለሽ?»

በወሩ መጨረሻ ሳንቪክ ትምህርት ቤት ተሰበሰብን። ኦድቫር አንድ የእጅ ጋሪ ሙሉ ጉድ እየገፋ መጣ፦ የማይዞር የነፋስ መዘውር፣ የሚያፈስ የሸክላ ቧንቧ፣ ከሁሉም በላይ ያ ከታች ክፍት የነበረው የመጀመሪያ ቱቦው። ሃልጌይር ድንች ድንች የሚሸት ቱቦውን ይዞ መጣ። እርስ በርስ ውድቀታቸውን ሲያዩ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ጠያየቁ። የነፋሱ መዘውር ለምን እንደማይዞር ከሃልጌይር አፍ ወጣ፤ ኦድቫር ስንት ዓመት ሲፈልገው የኖረውን!

ግድግዳው ላይ የሳንቪክ ባሕር መስመር ተንጠልጥሏል፤ ለስላሳ ሆኖ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በስተግርጌው ልጆቹ «እኛ ለካነው» ብለው ጽፈዋል። አይሆንልንም ያለችው ልጅ ጽሕፈት ነው አለችኝ ሲኖቨ። እሷ ራሷ ለርዕሰ መምህሩ ሐሳቧን መለወጧን ነግራለች፤ ከሳንቪክ አትሄድም።

«ያ ክዳን ግሩም ነው» አለ ሃልጌይር። «ማን ነው ያሰበው?»

ሁላችንም እንደ ልማዳችን ወለሉን አየን። እንዲህ ያለው ጥያቄ በእኛ አገር መልስ የለውም፤ «እንዲያው ሆነ» ይባልና ይታለፋል። ኦድቫር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ማንም አልሞተም። ጣራውም አልወረደም። ሃልጌይር «እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገረን» አለ፤ ሽማግሌውም ነገረን። መምህራን ሆይ፣ በራችሁን ክፈቱ የምላችሁ ለዚህ ነው። አንዱ የደከመበትን ሌላው እንደገና አይደክምበትም፤ ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱ አብሮት አይወጣም፤ ጀማሪዋም የሁሉንም ውድቀት የራሷ ብቻ አድርጋ አትሸሽም። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀመው «አይሆንልንም» የሚለው ልጅ ነው።

ስንመለስ መርከቡ ላይ ከኦድቫር ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«እናትህስ?» አልሁት ላበሽቀው። «ተነሥታ ተቆጣችህ?»

የሹራቡን ክርን ዳሰሰው፤ ቀዳዳው ከበፊቱ ሰፍቷል።

«አልተቆጣችም» አለ። «ይህን ጥለት እንዴት እንደምትሠራው ለማንም አልነገረችም ቦርጊል። አገሩን ሁሉ ዞርሁ፤ የሚጠግነው ጠፋ።»