ለነብሮ «ያዝ» ያልኩት እኔ ነኝ

ቃል ሰጪ፦ በሰፈሩ «ጋሽ ብረቱ» በመባል የሚታወቅ፣ የበርና የመስኮት ብረት በያጅ
ዕድሜ፦ 46
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ የብየዳ ሱቁ ያለበት ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ በውሻ ንክሻ የደረሰ የአካል ጉዳት (ቀደም ሲል የተሰጠ ቃል ማረሚያ)

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ባለፈው ዓርብ ለዚሁ ጣቢያ ውሻዬ ነብሮ ማንም ሳያዘው የባለቤቴን ወንድም እጁን ነከሰው ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የተናገርኩት። ነብሮን የመረመረው የእንስሳት ሐኪም «ማንም ሳያዘው የሚናከስ ውሻ ይወገድ» በማለቱ፣ ነብሮ ነገ በመርፌ እንደሚገደል ስለሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነብሮን ያመጣሁት ሱቄን እንዲጠብቅ ነው። እንዴት እንደሚገራ ግን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። እሷ በዳቦ ቅርፊት ታለማምደው ነበር። ተቀመጥ ስትለው ሲቀመጥ ትሰጠዋለች፣ ስትጠራው ሲመጣ ትሰጠዋለች፤ ዳቦው ሲያልቅ ባዶ እጇን አሳይታ ቀስ ብላ «በቃ» ስትለው ሄዶ ይተኛል። እኔም «አንቺ፣ ውሻ ነው የምታሳድጊው ወይስ የልጅ ልጅ?» እያልኩ እስቅባት ነበር። የመጋዘን ዘበኛ የሆነ ጓደኛዬ ውሻ የሚታዘዘው ሲፈራ ነው ስላለኝ የእሱን ዘዴ መረጥኩ። ዘዴውም «ያዝ» ሲባል የተዘረጋ እጅ ላይ ዘሎ አጥብቆ እስኪይዝ ድረስ አንገቱን በሰንሰለት ማነቅና በልምጭ መግረፍ ነው። ክንዴን በጆንያ ጠቅልዬ አለማመድኩት። ማስለቀቂያ ቃል ግን አላስተማርኩትም። ዘበኛው መጀመሪያ መያዙን ይልመድ፣ መልቀቁ ይደርሳል ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ታዛዥነቱን ላሳየው ብዬ ነብሮን ከሰንሰለቱ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሻይ ቀድቼ ሳቀብለው፣ እሱ ወሬ ይዞ እጁን ዘረጋ እንጂ ብርጭቆውን አልተቀበለኝም። ጣቴን ሲያቃጥለኝ ጮክ ብዬ «ያዝ! ያዝ እንጂ!» አልኩት። ነብሮ ያዘ። የያዘውም ቀኝ እጁን፣ መቀስ የሚይዝበትን ነው።

ጉድ ፈላ። «ልቀቅ!» እያልኩ በልምጭ መታሁት፤ በመታሁት ቁጥር ይብሱን አጠበቀ። ምስኪን፣ ስመታው የሚያውቀው አጥብቆ መያዝን ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ሁለቱንም ባዶ እጆቿን አሳየችውና «በቃ» አለችው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ለቀቀው፣ ሄዶም ተኛ። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብያለሁ።

ፖሊስ ሲመጣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ በውሻው አላከክሁ። የባለቤቴ ወንድም እጁን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ስዋሽ ያዳምጠኝ ነበር፤ አክብሮኝ አቀርቅሮ ዝም አለ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ትናንት ልጠይቀው ስሄድ «ጋሼ፣ ውሻው እኮ ያሉትን ነው ያደረገው» አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን በልምጭ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ነብሮ የታዘዘውን ፈጽሟል። ያዘዝኩት እኔ በመሆኔ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። ይህ ቃል ዛሬውኑ ለሐኪሙ እንዲደርስልኝ አደራ እላለሁ።

ሌላ የምትጨምረው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ «በቃ» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ አፈርኩ። ቃሉ የባለቤቴ ነው። «የለኝም» ብያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ፤ የዛሬው ቃሌ እውነት፣ የዓርቡ ሐሰት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________