የመኪናዋን ሆድ የሚያጥቡት ሹፌር

ከካርቱሙ አብዮት በኋላ በነበረው ዓመት፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ፣ ከዳቦ ሰልፉ ፊት ለፊት፣ የጋሽ በላይነህ መኪና እንደ ግመል ቁጭ አለች።

ጋሽ በላይነህ በስደት ከመጡ ጀምሮ የአል-ማንሺያ ሰፈሯ የሀጃ ኒዕማ ሹፌር ናቸው። መኪናዋ በብረት ባሌስትራ ፋንታ በአየር ከረጢት ላይ የምትሄድ ናትና አየሩ ሲያመልጥ ትተኛለች። በዚያ ወር ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተኝታ ነበር። የሀጃ ልጅ አብዱልሰላምም «ሦስተኛ ከተኛች እሸጣታለሁ፣ ሹፌርም አያስፈልገንም» ብሎ ነበር። በስልሳ ሁለት ዓመት ሌላ ሥራ ከየት ይገኛል? ይህ ደግሞ ሦስተኛው ነው።

ከሰልፉ አንዲት ቱታ የለበሰች ወጣት መጣች።

«ጋሼ፣ ሰላም ዋሉ? ዮሳቤጥ ነኝ፣ የሰሎሞን ልጅ። ያ ጋራዥ የምሠራበት ነው፤ ልይልዎት?»

ካርቱም ተወልዳ ቴክኒክ የተማረች ልጅ ናት። አብዮቱ በከተማው ብዙ ነገር ገልብጧል፤ ጋሽ በላይነህ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

«ሴት ልጅ ከመኪና ሥር? ተይ ልጄ፣ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር አርጅቶ ነው።»

«ማዓሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ውሃ ገብቶበት ይሆናል።»

«ውሃ?» ሳቁ። «ከንፈር በሚሰነጠቅበት በረሃ እርጥበት ከየት ይመጣል?»

«ሀቡብ አውሎ ነፋሱ አቧራውን አራግፎ ሲሄድ ምን ያደርጋሉ?»

«አጥባታለኋ! ከላይም ከሥርም፣ በውሃ ጎማ። በማንሺያ እንደ እኔ የመኪና ሆድ የሚያጥብ ሹፌር የለም» አሉ ኮራ ብለው።

«ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስበው ከሥር ነው፤ ውሃዎንም አብሮ ይስባል። በኸሪፍ ደግሞ፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ታምቆ ሲቀዘቅዝ ያዘለውን ውሃ ይጥላል።»

«ማድረቂያ አለው ይባል የለ?»

«አለው፤ ውሃ የሚመጥ ፍሬ የሞላበት ጣሳ ነው። ፍሬው ከጠገበ ግን አይመጥም። አየሩን የሚዘጋው ቫልቭ ይዝጋል፣ አልገጥም ይላል፣ አየሩም ያመልጣል። ያላ፣ ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩ።»

ክሪክና ጠንካራ ድጋፍ አምጥታ መኪናዋን ካስደገፈች በኋላ ከሥር ገባች። ማድረቂያውን ፈትታ በጋሽ በላይነህ መዳፍ ላይ ገለበጠችው። ፍሬው ላቁጦ ጭቃ ሆኗል፤ ውሃው እስከ እጅጌያቸው ወረደ።

«ወላሂ፣ በገዛ እጄ ነው ያጠጣኋት» አሉ። ከእንጀራቸው ሊያፈናቅላቸው የነበረው የኮምፕሬሰሩ እርጅና ሳይሆን የሚኮሩበት የውሃ ጎማ መሆኑ አንገበገባቸው።

ዮሳቤጥ ፍሬውን በአዲስ ተካች፣ ቱቦውን አደረቀች፣ ቫልቩን አጸዳች። ከሰዓት በኋላ፣ አብዱልሰላም ሳይሰማ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

በሚቀጥለው ሀቡብ ማግስት የጎረቤቱ ሹፌር ሳሊህ የውሃ ጎማውን ከመኪናው ሥር ሲደግን ጋሽ በላይነህ ሮጠው ቧንቧውን ዘጉት።

«ሆዷን በጨርቅ ጥረግላት እንጂ አታጠጣት! ማድረቂያውንም ከኸሪፍ በፊት አስፈትሽ። ቫልቩ አይዝግም፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት አይለፋም፣ ጌቶችህ መንገድ ላይ አይቀሩም፣ አንተም ከሥራህ አትፈናቀልም።»

«ይህን ያስተማረህ የትኛው ሙሐንዲስ ነው?» አለ ሳሊህ።

ጋሽ በላይነህ አብዱልሰላም ከሀጃ ቤት በር ቆሞ እንደሚሰማ አይተዋል። ቢሆንም ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ሴት ልጅ ናት ያስተማረችኝ! ዮሳቤጥ ትባላለች፣ ሳጃና ትሠራለች። እኔ ሃያ ዓመት ነድቼ ያላወቅሁትን እሷ አውቃለች።»

አብዱልሰላም ቀረብ ብሎ የራሱን መኪና ቁልፍ አቀበላቸው።

«ዓሚ በላይነህ» አለ፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ «እንግዲያው የእኔንም ይውሰዱላት።»