ኦዴት ከመፈረሟ በፊት

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያ ሳነብ ኖሬአለሁ። ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር፣ ያልለካ ሰው ከለካው ይልቅ በልበ ሙሉነት እንደሚናገር ነው። ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት፣ በኦክቶበር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ በከተማችን ቆሻሻ ማራገፊያ ያገኘሁት ጎረቤቴ ሮላንድ ቲቦ ነው።

በከተማችን በታርበል ቆሻሻውን እየጫነ የሚያመጣው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት የማይገናኝ ሰው የለም። የጠርሙስ ሣጥኔን ይዤ ስደርስ፣ ሮላንድና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ኦዴት ጭነት መኪናቸው አጠገብ ቆመው ይከራከራሉ።

«ዊንስሎ! እንኳን መጣህ፤ ና ፍረደን» አለኝ ሮላንድ። «ይቺ ልጅ ሁለት ባል ካላገባሁ ትላለች።»

«ሁለት ኮሌጅ ነው ያልኩት አባዬ። ባል የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።»

«ያው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦዴት ስለ ወንዞች መማር ትፈልጋለች፤ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የዝናብ መለኪያዬን አብራኝ ስታነብ ያደገች ልጅ ናት። ብራከን ሂል እና ላይምሮክ የሚባሉትን ኮሌጆች ሄዳ አይታ፣ በሁለቱም ፍቅር ይዟት ተመልሳለች። በብራከን ሂል ከመኝታ ክፍሎቹ ሥር ወንዝ ይፈስሳል፤ በላይምሮክ የበረዶ ውፍረት የሚለኩ መምህርት አሉ። ሁለቱም እስከ ኖቬምበር አንድ ድረስ ቀድሞ የሚያመለክትን ተማሪ ማመልከቻ ይቀበላሉ። ብራከን ሂል ግን ቃል ያስገባል፤ ተማሪውም ወላጁም «ከተቀበላችሁን ሌላውን ሁሉ ትተን እንመጣለን» ብለው ይፈርማሉ። በምላሹ የተማሪው የመግባት ዕድል ከፍ ይላል። ላይምሮክ ፊርማ አይጠይቅም፤ መልሱን በዲሴምበር ይሰጣል፤ ተማሪው እስከ ሜይ አንድ ማሰብ ይችላል።

የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ አራት ቀን ቀርቶታል።

«እኔ ለእናትሽ የጋብቻ ጥያቄ ሳቀርብ፣ ለሌላ ሴት ደግሞ ማመልከቻ አላስገባሁም» አለ ሮላንድ። «ሰው አንዱን መርጦ ቃሉን ይሰጣል። በዚያ ላይ ብራከን ሂል ርካሽ ነው። በዓመት ስድሳ ዘጠኝ ሺህ ዶላር፤ ላይምሮክ ሰማንያ ሁለት። በቃ፣ ፈርሚና እንገላገል።»

«ስድሳ ዘጠኝ ሺህ ርካሽ ሆነ? ከየት ልናመጣው ነው?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

«ይኸው ሚስተር ዊንስሎ! ሁልጊዜ መልሱ ይኸው ነው። አባዬ፣ እማዬ እንኳ 'አዎ' ከማለቷ በፊት ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለህ ጠይቃሃለች።»

«አልጠየቀችም!»

«ጠይቃለች፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።»

የሮላንድ ጆሮ ቀላ።

በኛ አገር ሰው ስለ ሐሞት ጠጠሩ፣ ስለ ፍቺው፣ ስለ ወንድሙ መጠጥ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ያወራል። ገቢው ስንት እንደሆነ ግን አብረውት የሚበሉ ልጆቹ አያውቁም። ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ጭንቀት እንዳይደርስባቸው ነው ይባላል። እኔ ግን ዝምታው ጭንቀቱን ሲያስቀር አላየሁም፤ ቁጥሩን ነው የሚያስቀረው።

«ሮላንድ፣ ከተፈረመ በኋላ ኮሌጁ የሚሰጠው የእርዳታ ገንዘብ ባይበቃስ?» አልኩት።

«ይለቁናል አሉ።»

«አዎ፣ ገንዘቡ ካልበቃ ይለቃሉ» አለች ኦዴት። «ግን መብቃት አለመብቃቱን የማወዳድርበት የሌላ ኮሌጅ የእርዳታ ደብዳቤ በእጄ አይኖርም። በቂ ነው ካሉኝ በምን እከራከራለሁ?» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ የሰው ቤት ማሞቂያ ስትጠግን፣ ሳትከፍተው ዋጋ ተናግረህ ታውቃለህ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«ባለቤቱስ ግምቱን ሳያይ ፈርሞልህ ያውቃል?»

«እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢኖርማ ሀብታም ነበርኩ።»

«እንግዲያው ብራከን ሂል እንዲህ ያለ ደንበኛ ሊያገኝ ነው። አንተን።»

ሮላንድ የመኪናውን በር ዘጋና «እሺ፣ ግምቱን እንየው» አለ። 

ከማራገፊያው ዳር፣ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ትቶ የሚፈልገውን የሚወስድበት ዳስ አለ። አንድ እግሩ የላላ የምግብ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ኦዴት ስልኳን አወጣች። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የወጪ ማስሊያ አለው፤ የቤተሰቡን ገቢና ንብረት ሲያስገቡለት፣ ከእርዳታ በኋላ ያ ቤተሰብ ስንት እንደሚከፍል ይገምታል።

«የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያምናው ገቢ» አለች።

ሮላንድ ዙሪያውን ቃኘ። እኔም የሚሉትን እንዳልሰማ ሣጥኔን ይዤ ተነሣሁና ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ፣ በደንብ እያንኳኳሁ ጣልኩ። አሥራ አራት ነበሩ። ስመለስ ቁጥሩ ገብቶ ነበር፤ ኦዴት የአባቷን ክንድ ይዛ ተቀምጣለች።

«ብራከን ሂል፣ በዓመት ሠላሳ አራት ሺህ» አነበበች። ቀጥላ የላይምሮክን አስገባች። ደግማ አስገባች። «ሃያ አንድ ሺህ።»

«ተሳስተሻል። ውዱ እሱ ነው።»

«የተጻፈው ዋጋ ነው ውዱ። እርዳታቸው ግን ሰፊ ነው።»

ሮላንድ ስልኩን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀው፣ ከዚያ አቀረበው። «እኔ'ኮ በጫካው ሂሳብ ነው ስድሳ ዘጠኙን...» ብሎ አቆመ።

«የቱ ጫካ?»

«ሰኞ የሚያየው ሰው ይመጣል።»

«የሜፕሉ? የአያቴ?» ተነሥታ ቆመች። «የዛፎቹን ጣፋጭ ፈሳሽ እየቀዳን ሽሮፕ የምናፈላበትን ጫካ ልትሸጥ ነው? ለኔ? ሳትነግረኝ?»

«ደስ ብሎሽ እንድትሄጂ ነው!»

«በየትኛው ደስታ አባዬ? ተምሬ ስመለስ ግንዱ ተቆርጦ ሳየው?»

ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛው በሮላንድ ክንድ ክብደት አዘንብሎ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ጭኑ ላይ ሲወድቅ፣ ሁለቱም ሳቁ።

«እሺ ዊንስሎ» አለኝ ሮላንድ፣ «ቃል መስጠት ግን ክፉ ነገር ነው እያልከኝ ነው?»

«አይደለም። አንድ ኮሌጅ ብቻ በልቧ ያለ፣ የተገመተውንም ወጪ ቤተሰቧ የሚችል ልጅ ብትፈርም ትክክል ነው። ኦዴት ግን ሁለት አሏት፤ ሠላሳ አራት ሺህ ደግሞ ጫካውን ያሸጥሃል። ቃል ለመስጠት መጀመሪያ የምትሰጠውን ማወቅ አለብህ።»

ኦዴት ማክሰኞ ዕለት ለላይምሮክ ያለ ፊርማ አመለከተች፤ ለብራከን ሂል ደግሞ በመደበኛው ጊዜ፣ በጃንዩዌሪ። ጫካውን ሊያይ የነበረው ሰው እሑድ ማታ ስልክ ተደውሎለት ቀረ።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሽሮፕ ማፍሊያ ቤታቸው ስገባ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ከኮሌጆቹ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አየሁ። ከእርዳታ በኋላ የሚከፈለው፣ ላይምሮክ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ፤ ብራከን ሂል ሠላሳ ሦስት ሺህ። ኦዴት የላይምሮክን ደብዳቤ ለብራከን ሂል ልካ እንዲያዩላት ጠይቃ፣ ወደ ሃያ ስምንት ሺህ ዝቅ አድርገውላት ነበር።

«የብራከን ሂሉ ወንዝ አይናፍቅሽም?» አልኳት።

«ትንሽ» አለች፣ አረፋውን እየገፈፈች። «ግን ይሄ ጫካ ከሚናፍቀኝ ይሻላል።»

ከዚህ ጉዳይ የታዘብኩትን እጽፋለሁ። የተጻፈ ዋጋ የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ ማስሊያው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ልጅ የቤቷን አቅም ስታውቅ ሕልሟ አይጠብም፣ መሬት ይይዛል እንጂ። አባትም ብቻውን የሚሸከመውን ነገር የሚያካፍለው ሰው ያገኛል። ኦዴት ዛሬ ላይምሮክ ናት፤ በየሳምንቱ የዝናብ ልኬቷን ትልክልኛለች፤ እስካሁን ስህተት አላገኘሁባትም።

ባለፈው ቅዳሜ ማራገፊያው ላይ፣ ሮላንድ አንድ ወጣት አባትና ልጁን ዳሱ ሥር አስቀምጦ ሲያስረዳ ደረስኩ።

«ለኔ አይደለም የምትነግረው» ይለዋል፣ «ለሷ ንገራት። ስንት ታገኛለህ?»

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። እኔም ሣጥኔን አነሣሁና ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ፣ በደንብ እያንኳኳሁ መጣል ጀመርኩ።